ኳስ ተጫዋቹ መጋጫ አለው፤ ብስክሌተኛውስ?

ጅማን የሚያውቅ ሰው ጅሬንን ያውቃል። የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ ነው። ለጎብኚው የፎቶ ቦታ ነው፤ ለከተማው ልጆች ግን ሌላ ነገር ነው። ብስክሌታቸውን እየገፉ ይወጡታል፣ ነፋስ እየሰነጠቁ ይወርዱታል። ከቁልቁለቱ ግርጌ ቆም ብሎ ለተመለከተ ሰው፣ ከሚወርዱት ልጆች አንዱ ሱሪውን ወደ ላይ ሰብስቦ ቅልጥሙን ሲያሻሽ ማየቱ አይቀርም። ምን ሆነህ ነው ቢሉት፣ “ፔዳል ነው፤ ምንም አይደለም” ይላል። ጥርሱን ነክሶ ነው እንዲህ የሚለው። በማግስቱ እያነከሰ ትምህርት ቤት ይሄዳል። በሳምንቱ ቁስሉ መግል ይይዛል። ከዚያ በኋላ እናቱ፣ “ሁለተኛ ሳይክል ላይ ስትወጣ እንዳላይህ!” ትላለች። አንድ ብስክሌተኛ እዚያው ላይ አለቀ ማለት ነው።

ስለዚህ ልጁ “ምንም አይደለም” ቢልም እኛ ነገር ነው እንላለን። በዚህ ገጽ ዘወትር ስለ ዋንጫ፣ ስለ ዝውውር፣ ስለ አሰልጣኝ መባረር እንጽፋለን። ዛሬ ስለ ቅልጥም እንጻፍ። የሚያስቀው ሊስቅ ይችላል። ፔዳል የመታው ግን አይስቅም።

በየከተማው “ማውንቴን” የምንለው ጎማው ወፍራም፣ ማርሹ ብዙ የሆነው ብስክሌት የተፈጠረው ለአስፋልት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በካሊፎርኒያ ተራሮች ላይ ቁልቁለት የሚወዱ ወጣቶች የጀመሩት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የመጀመሪያው ይፋ የዓለም ሻምፒዮና ተካሄደለት፤ እ.ኤ.አ. በ1996 አትላንታ ላይ ኦሊምፒክ ገባ። ለዚህ ስፖርት ከጅማና ከዙሪያዋ የቡና ከተሞች የተሻለ አገር ከየት ይመጣል? ወደ አጋሮ ቢሉ፣ ወደ ሰቃ ቢሉ፣ ወደ ሊሙ ገነት ወይም ወደ ጌራ ቢሉ ዳገቱ ዳገት ነው፤ ቁልቁለቱም ቁልቁለት ነው። በቡናው ጥላ ሥር የሚያልፈው የእግር መንገድ ሌላው ዓለም በገንዘብ የሚያሠራውን የውድድር ጎዳና ይመስላል። ሜዳውን ፈጣሪ ሠርቶ ሰጥቶናል። የጎደለው ሌላ ነው።

የጎደለውን ለመረዳት አስቀድሞ ቅልጥምን እንወቅ። የቅልጥም አጥንት በፊት በኩል ጡንቻ የለበስ አይደለም። ከቆዳው ሥር ወዲያው አጥንት ነው። ባትን ቢመቱት ሥጋው ምቱን ይውጠዋል፤ ቅልጥም ግን የሚውጥበት የለውም። አጥንቱን የሸፈነው ስስ ሽፋን ደግሞ በሕመም ነርቭ የተሞላ ነው፤ ፔዳል ሲመታው ዓይን የሚያጨልመው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ እዚያ ቦታ ያለው ቆዳ ስስ ነው፣ የደም ዝውውሩም እንደ ሌላው የሰውነት ክፍል የበዛ አይደለም። ስለዚህ ቁስሉ ቶሎ አይድንም። ቅልጥም በበዓል ቀን መቅኑ ሲመጠጥ ደስ ይላል፤ የራስን ቅልጥም ለፔዳል መስጠት ግን ሌላ ነው።

ታዲያ ፔዳሉ እንዴት ነው የሚመታው? ሁለቱ ፔዳሎች በአንድ ዘንግ የተያያዙ ናቸው። ፔዳሉ የተሰካበት ክንድ ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ17 እስከ 17.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ፔዳሉ 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ ይዞራል። አሽከርካሪው ቆሞ ሲወርድ የሰውነቱ ክብደት በሁለቱ እግሮች ላይ ነው። መንገዱ ሲያንገጫግጨው አንዱ እግር ከፔዳሉ ይንሸራተታል። በዚያች ቅጽበት ክብደቱ በሙሉ በሌላኛው ላይ ያርፍና ወደ ታች ይገፋዋል፤ ባዶው ፔዳል ተወርውሮ ይነሳና ቅልጥሙን ያገኘዋል። ምቱ ከውጭ የመጣ አይደለም፤ በራስ ክብደት ራስን መምታት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ዳገት ላይ ነው። ቆሞ በኃይል ሲረግጥ ያረጀ ካቴና ጥርሱን ይዘላል ወይም ይበጠሳል። የሚገፋው ነገር በድንገት ሲጠፋ እግር ይስታል፤ ውጤቱ ያው ነው። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አይቆጥረውም፤ ብስክሌቱን እየገፉ ሲወጡ የሚያገኘው ምት ነው። የጅሬንን ዳገት ገፍቶ የወጣ ሁሉ ፔዳሉ ባቱንና ቅልጥሙን ስንት ጊዜ እንደጎሰመው ያውቃል።

አሁን ወደ እኛ ሁኔታ እንምጣ። የጅማ አካባቢ ዝናብ አይሰስትም። ክረምት ከገባ ጭቃው የሚጣበቀው ጎማ ላይ ብቻ አይደለም፤ ጫማ ሥር ይገባል፣ ፔዳሉን ሳሙና ያስመስለዋል። ልጆቹ የሚነዱት በሸበጥ ነው፤ ወይም ሶሉ አልቆ መላጣ በሆነ ጫማ። ብስክሌቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሰዓት የተከራዩት ነው። የኪራይ ብስክሌት ፔዳል ምን እንደሚመስል ለማያውቅ እንንገረው፤ ፕላስቲኩ ተሰባብሮ አልቆ መሐል ያለው ብረት ብቻ የቀረ ነው። ልጁ፣ “ጋሼ፣ ይሄኛው ፔዳል የለውም እኮ” ሲል መልሱ የታወቀ ነው። “ብረቷን ርገጣት፣ ትሄዳለች!”

አዎ፣ ትሄዳለች። የት እንደምትሄድ ነው ጥያቄው።

ስለዚህ የቅልጥም ጥበቃ የሚጀምረው ከቅልጥም ሳይሆን ከፔዳል ነው። እግር የማይይዝ ፔዳል ያለው ብስክሌት ፍሬን ከሌለው ብስክሌት ተለይቶ መታየት የለበትም። ፔዳል መቀየር ከባድ ሥራ አይደለም፤ አንድ ቁልፍ ይበቃል። አንድ ነገር ብቻ ማወቅ ያስፈልጋል። የቀኙ ፔዳል እንደማንኛውም ብሎን ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል፤ የግራው ግን ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነው፣ የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው። ይህን ሳያውቁ በግድ የሚያጠብቁ ሰዎች የክንዱን ጥርስ ይበሉታል። ከዚያ በኋላ ፔዳሉ መንገድ ላይ ወልቆ ይወድቃል፤ የወደቀበት ሰዓት ደግሞ ቁልቁለት ላይ ከሆነ የሚተርፈው ቅልጥም የለም። አዲስ እስኪገዛ ድረስ ባዶውን ብረት በአሮጌ የጎማ ላስቲክ አጥብቆ መጠቅለል፣ ጭራሽ ራቁቱን ከመርገጥ ይሻላል።

ስለ ፔዳል ስናወራ አንድ የማይሸሸግ ነገር አለ። ለተራራ ብስክሌት የሚሠሩት ጥሩ ጠፍጣፋ ፔዳሎች ጫማ እንዲይዙ ትንንሽ የብረት ጥርሶች አሏቸው። ጥርስ ያለው ፔዳል እግር አያንሸራትትም፤ የሳተ ዕለት ግን ቆዳ ይዞ ይሄዳል። ለስላሳው ፔዳል ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ጥርሳሙ አልፎ አልፎ ይመታል ግን ይቀዳል። ስለዚህ ፔዳሉ በተሻለ ቁጥር የቅልጥም መከላከያ አስፈላጊነቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ሁለተኛው ጫማ ነው። ሸበጥ የብስክሌት ጫማ አይደለም። ሶሉ ጠፍጣፋና ለስለስ ያለ ጎማ የሆነ ሸራ ጫማ ከማንኛውም ይሻላል፤ ከመነሳት በፊት ጭቃውን በእንጨት መፋቅ ደግሞ ገንዘብ አያስወጣም።

ሦስተኛው አነዳድ ነው። ቁልቁለት ሲወርዱ ሁለቱ ፔዳሎች ከመሬት እኩል ከፍታ ላይ ይሁኑ፤ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ። ከኮርቻው ትንሽ ይነሱ፣ ጉልበት ይታጠፍ፣ ተረከዝ ወደ ታች ይውረድ። ተረከዝ ሲወርድ እግር ፔዳሉን ወደ ፊት ይገፋዋል፤ መንገዱ ሲያንገጫግጭ አይለቅም። በጣት ጫፍ የሚረግጥ ሰው ግን በመጀመሪያው ድንጋይ ይስታል። ዳገት ላይ ደግሞ ካቴናው የሚዘል ብስክሌት ላይ ቆሞ አለመርገጥ ነው፤ ማርሽ ቀንሶ ተቀምጦ መውጣት ይሻላል። ሲገፉም ከብስክሌቱ ጎን ትንሽ ራቅ ብሎ፣ በእርስዎ በኩል ያለውን ፔዳል ከእግርዎ አሳልፎ መሄድ ነው።

አራተኛው ራሱ መከላከያው ነው። በእግር ኳሱ መንደር “መጋጫ” የሚሉት ነገር ማለታችን ነው። ለተራራ ብስክሌት ተብሎ የተሠራው ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ነው፤ በአገራችን ገበያ እንደልብ አይገኝም። የኳስ መጋጫ ግን የስፖርት ዕቃ የሚሸጥበት ሁሉ አለ። አጠር ያለ ነው፤ ቢሆንም ፔዳል የሚያገኘውን የቅልጥም መሐል ይሸፍናል። ከረጅም ካልሲ ሥር ይደረጋል፤ እንዳይወርድ ከታች ይታሰራል። ይህንንም መግዛት ያልቻለ ልጅ ከአሮጌ ጀሪካን በእግሩ ቅርጽ ቆርጦ፣ ጠርዙን አለስልሶ፣ ከውስጥ ስፖንጅ አድርጎ በረጅም ካልሲ ሥር ቢያስገባው ከባዶ እግር በእጅጉ ይሻላል። ይሞቃል የሚል አለ። እውነት ነው፣ ይሞቃል። ዳገት ሲወጡ ወደ ታች ማውረድ፣ ቁልቁለት ሲጀምር መመለስ ይቻላል።

እዚህ ላይ፣ “ባለሙያዎቹ በቴሌቪዥን ስናያቸው መቼ መጋጫ ያደርጋሉ?” የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። በረጅሙ የአገር አቋራጭ ውድድር የሚያደርጉት ጥቂት ናቸው፤ ምክንያቱም ጫማቸው ከፔዳሉ ጋር በመቆለፊያ የተያያዘ ነው፣ እግራቸው በቀላሉ አይስትም። ያ ዓይነቱ ጫማና ፔዳል ውድ ነው፤ መልመጃም ይፈልጋል። በቁልቁለት ውድድር ግን የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር (ዩሲአይ) ደንብ ሙሉ ፊት የሚሸፍን ሄልሜት ያስገድዳል፤ የጉልበትና የቅልጥም መከላከያ እንዲደረግም አጥብቆ ይመክራል። የጅሬን ልጆች የሚመስሉት የትኞቹን ነው? በጫማ የተቆለፉትን ወይስ ቁልቁል የሚወረወሩትን?

እግር ኳስም ቢሆን ከጅምሩ ብልህ አልነበረም። የቅልጥም መከላከያን የፈለሰፈው የኖቲንግሃም ፎረስቱ ሳም ዊዶውሰን ነው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1874። የክሪኬት ተጫዋቾች የሚያደርጉትን አሳጥሮ ከካልሲው በላይ አሰረው፣ ተሳቀበት። ግዴታ ሆኖ በጨዋታ ሕግ የገባው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ ማለት ነው። ዛሬ ግን ከትልቅ ስታዲየም እስከ ቀበሌ ውድድር ድረስ ዳኛው የተጫዋቹን እግር ያያል። መጋጫ የለህም? አትገባም። አለቀ። ማንም አይከራከርም።

ብስክሌቱም ዘግይቶ የሚማር ስፖርት ነው። የካዛኪስታኑ አንድሬይ ኪቪሌቭ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2003 በፓሪስ–ኒስ ውድድር ላይ ወድቆ በጭንቅላት ጉዳት ሕይወቱ እስኪያልፍ ድረስ የባለሙያዎች ሄልሜት በሁሉም ውድድር ግዴታ አልነበረም። በዚያው ዓመት ግዴታ ሆነ። ቅልጥም እንደ ጭንቅላት ሰው አይገድልም፤ ስለዚህ ማንም አይጮህለትም። የእኛም ክርክር እዚህ ላይ ነው። ብዙ ልጆችን ከዚህ ስፖርት የሚያስወጣው ትልቁ አደጋ ብቻ አይደለም፤ ተደጋግሞ የሚመጣው ትንሹ ሕመምም ነው። በሳምንት ሦስቴ ቅልጥሙን የተመታ ልጅ አራተኛውን አይጠብቅም። ብስክሌቱን ይመልሳል፣ ጠረጴዛ ቴኒስ ይሄዳል።

ስለ ቁስሉ አንድ ነገር ሳንል ማለፍ አንችልም፤ በተለይ በቡና አገር። ልጅ ሲቆስል ብዙ ቤት ውስጥ የመጀመሪያው መድኃኒት የተፈጨ ቡና ነው፤ ይነሰነስበታል፣ ደሙ ይቆማል። ቡናችንን እንወደዋለን፤ ቦታው ግን ሲኒ ነው። የተፈጨ ቡና ከጀርም የጸዳ ነገር አይደለም፤ ቁስሉ ውስጥ ገብቶ ቆሻሻ ይሆናል፣ ሐኪሙም የቁስሉን ጥልቀት እንዳያይ ይሸፍንበታል። ትክክለኛው መንገድ ቀላል ነው። በንጹሕ ውኃና በሳሙና ጭቃው እስኪወጣ በደንብ ማጠብ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ደሙን ማቆም፣ ሸፍኖ ማሰር። ጭቃና ዝገት የነካው ጥልቅ ቁስል ከሆነ ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባት ጤና ጣቢያ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የመጨረሻውን ክትባት ከወሰደ 5 ዓመት ያለፈው ሰው እንደገና መከተብ ሊኖርበት ይችላል። ቁስሉ አፉን ከከፈተ፣ አጥንት ከታየ፣ ወይም ልጁ እግሩን መርገጥ ካቃተው “ነገ እናያለን” አይባልም፤ ያኔውኑ ወደ ሐኪም ነው። እርጥበትና ሙቀት ባለበት አገር ትንሽ የቅልጥም ቁስል ሳይታከም ቀርቶ ለወራት የማይድን ቁስል ሊሆን እንደሚችል ሐኪሞች ያውቁታል።

“ለመሆኑ የተራራ ብስክሌትና የቡና ከተማን ምን አገናኛቸው?” ለሚል ደግሞ ጎረቤት እናሳየው። ከተራራ ብስክሌት ፈር ቀዳጆች አንዱ የሆነው አሜሪካዊው ቶም ሪቺ እ.ኤ.አ. በ2005 ሩዋንዳ ሄደ። ያየው ገበሬ ልክ እንደ ጅማው ገበሬ ነው፤ የለቀመውን እሸት ቡና ሳይበላሽ ማጠቢያ ጣቢያ ማድረስ አለበት፣ መንገዱ ግን ዳገትና ጭቃ ነው። ሪቺ ኋላው የረዘመ፣ ጆንያ የሚሸከም ጠንካራ ብስክሌት ነደፈላቸው። ከዚያው እንቅስቃሴ የብስክሌት ቡድን ተወለደ። አድሪያን ኒዮንሹቲ የተባለው ልጃቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ኦሊምፒክ ላይ የአገሩን ባንዲራ ይዞ ገባ፤ የተወዳደረውም በተራራ ብስክሌት ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ደግሞ ኪጋሊ የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮናን አስተናገደች፤ በአፍሪካ ምድር የመጀመሪያው። ቡና ከሚጭን ብስክሌት እስከ ዓለም ሻምፒዮና፣ ሃያ ዓመት።

እኛስ? እኛ እኮ ለብስክሌት አዲስ አይደለንም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ የተወዳደረችው በሁለት ስፖርት ብቻ ነበር፤ አትሌቲክስና ብስክሌት። እነ ገረመው ደንቦባ የዚያ ዘመን ሰዎች ናቸው። የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ብስክሌቱን ግን ለረጅም ጊዜ የጥቂት ከተሞች ስፖርት አድርገነዋል። ደቡብ ምዕራቡ በዚህ ካርታ ላይ የለም ማለት ይቀላል። እንዲገባ ከተፈለገ ደግሞ የሚጀመረው ከልጁ ነው፤ ልጁም የሚቆየው እግሩ ሲተርፍ ነው።

የቡናው ሰው ይህን ነገር ከእኛ በላይ ያውቀዋል። በአጋሮ በኩል ያለው የዱሮሚና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 በአፍሪካ የቡና ጥራት ውድድር አንደኛ ወጥቷል። በምን? በተአምር አይደለም። ቀዩን ብቻ ለይቶ በመልቀም፣ በጊዜው በማጠብ፣ በጥንቃቄ በማድረቅ። ትንሽ ከምትመስል ነገር ተጀምሮ ነው ዋንጫ የሚገኘው። ለብስክሌትም ትንሿ ነገር ፔዳል ናት።

ስለዚህ ጥያቄያችን ግልጽ ነው። በጅማ፣ በአጋሮም ሆነ በሌሎቹ ከተሞች በበዓል ቀን የብስክሌት ውድድር የምታዘጋጁ የስፖርት ጽሕፈት ቤቶችና ትምህርት ቤቶች፣ መነሻው መስመር ላይ አንድ ሰው አቁሙ። አራት ነገር ይይ፤ ጭንቅላት፣ ፍሬን፣ ፔዳልና ቅልጥም። መንገዱ ቁልቁለት ያለበት ከሆነ መጋጫ የሌለው አይነሳ። የእግር ኳስ ክለቦች ያረጀ መጋጫ አታጡም፤ ከመጣል ለልጆቹ ስጡ። የኢትዮጵያ ብስክሌት ፌዴሬሽንም ለክልሎች በሚያወርደው የታዳጊዎች ደንብ ላይ ስለ ተራራና ኮረኮንች ውድድር አንዲት አንቀጽ ቢጨምር የሚከስረው ነገር የለም።

ብስክሌት አከራዮችስ? እናንተን ተቆጥተን አንለያችሁም፤ እንጀራችሁ ነው። ሆኖም ፔዳል የሌለው ሳይክል ማከራየት እጀታ የሌለው ቢላ እንደመሸጥ ነው። ጠዋት ስትከፍቱ የሁሉንም ፔዳል በእጃችሁ ነቅነቅ አድርጉት። የላላውን አጥብቁ፣ የተሰበረውን ቀይሩ። ልጁ በደህና ከተመለሰ ነገም ይከራያል።

ወላጆችም “ሁለተኛ እንዳላይህ” ከማለታችሁ በፊት “መጋጫህ የታለ?” በሉ። ልጁን ከብስክሌቱ ማስወረድ ቀላል ነው። ጅሬን ላይ የሚያድገውን ብስክሌተኛ ከእግሩ ጋር ማቆየት ግን ከሁላችንም ትንሽ ትንሽ ይጠይቃል።